ለራሴ ሽማግሌ ያደረገኝ ሞተር

ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሚስት የለመነ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ለምኛለሁ። ያውም በአለቃዬ ስም፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ። ይህን ገጠመኝ ያወራሁለት ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እናንተም ሳቁ፣ አልቀየምም። በዚያ ቀን ግን ለእኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ዋጫ ነው። የምሠራው ቦንጋ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብ ባለሙያ ነኝ። ቀፎ ያላቸውን ገበሬዎች እየዞርኩ ስለማይ ሞተር ሳይክል ተሰጠኝ። ተሰጠኝ ስላችሁ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ እምቢ ያለው ነው የደረሰኝ። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቶት የሄደ፣ ሁለት ኩንታል ገደማ የሚመዝን አሮጌ ጥቁር ሞተር ነበር። ስሙ ጎሽ ነው። ማን እንዳወጣለት ባላውቅም ቦንጋ ውስጥ ጎሽ ሲባል የማያውቅ የለም።

ጎሽ ሁለት ማቆሚያ ነበረው። አንዱ በጎን የሚዘረጋ ቀጭን እግር ሲሆን ሞተሩ ዘመም ብሎ ይደገፍበታል። ሌላው ከሆዱ ሥር የሚታጠፍ ባለ ሁለት እግር ብረት ነው። በዚህኛው ሲቆም የኋላ ጎማው ከመሬት ይለቅና ሞተሩ ቀጥ ይላል። የጎኑ እግር በተረከብኩት በሁለተኛው ወር፣ ገበሬዎቼ ወዳሉበት ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሰብሮ ቀረ። ባለ ሁለት እግሩን ሞከርኩት፣ አልቻልኩም። ኋላውን ይዤ ወደ ላይ ስጎትት ወገቤ ጮኸ፤ ጎሽ ግን ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያኔ አልችልም ከምል ብሞት የምመርጥ ሰው ነበርኩ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር አንዴ "ና፣ አቋቋሙን ላሳይህ" ሲለኝ "አውቀዋለሁ" አልኩት። አላውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ሙሉ ጎሽን ግድግዳ ላይ እያስደገፍኩ ኖርኩ። የሻይ ቤት ግድግዳ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር፣ የመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ ተሸክመውታል። ግድግዳ ከሌለ ዛፍ፣ ዛፍ ከሌለ ሰው። ማንኪራ ስደርስ አንዱ ገበሬ ሳልጠይቀው ይነሳና፣ ቀፎውን አይቼ እስክመለስ ድረስ ሞተሬን ታቅፎ ይቆማል። እኔም ይህን እንደ መስተንግዶ እቆጥረው ነበር።

ምሕረትን ያገኘኋትም በዚሁ ምክንያት ነው። የምትሠራበት ፋርማሲ ግድግዳ ለጎሽ ይመቸው ነበር። መጀመሪያ "ደንበኛ መግቢያ አጣ፣ አንሳልኝ" ብላ ተቆጣችኝ። ቀጥሎ መቆጣቷን ተወች። በዓመቱ ያለ እሷ መኖር እንደማልችል ገባኝ፤ እሷም እንደዚያው።

አንድ ሐሙስ ደወለች። ድምጿ ልክ አልነበረም።

"ሰለሞን፣ እሁድ አንድ የሚዛን ከተማ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባዬ ቀድሞ በደንቡ የመጣውን ነው የምሰማው ብሏል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ነጋዴውን እምቢ እላለሁ። ግን ከአባዬ ተጣልቼ አንተን ማግባት አልፈልግም። ቅዳሜ ላክ።"

አባቷ ጋሽ ወልዴ ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው በካፋ ጫካ ውስጥ በሞተር እየዞሩ ክትባት ያደርሱ ነበር። በቁጣቸውና በደንብ አክባሪነታቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ደንቡ ደግሞ ይህ ነው፦ ሽማግሌ ሦስት ይሆናል፤ ስማቸው አስቀድሞ ይነገራል፤ ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ አይቀመጡም። ላኪው ልጅ በዚያ ቀን ወደ ልጅቷ ሰፈር ዝር አይልም።

ሦስት ሽማግሌ አገኘሁ። አንደኛው ያስተማሩኝ መምህር ሙላቱ ናቸው። ንግግር አዋቂ፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ። ሁለተኛው የቤት አከራዬ ሐጂ ከድር፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቁጥብ ሰው። ሦስተኛው አለቃዬ አቶ በላይ። የሦስቱም ስም ዓርብ ለጋሽ ወልዴ ተነገረ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ በላይ ደወለ። "ሰለሞን፣ ይቅርታ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተብለን ቢታ ገነት እየሄድን ነው። ሰኞ ብታደርጉትስ?"

"እስከ ሰኞማ የነጋዴው ትሆናለች!" አልኩት። ስልኩ ተቋረጠ።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሁለት ሽማግሌ አይሆንም። ደግሞ ስም ልከናል።"

"መንገድ ላይ ሦስተኛ አናጣም" አሉ መምህር ሙላቱ። "ይልቅ እኔ በዚህ ጉልበት ያንን ዳገት አልወጣም።"

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ባጃጆቹ "ዳገቱን አንሞክርም" ብለው እምቢ አሉ። የቀረው ጎሽ ብቻ ነበር። ዕቅዴ ቀላል ነው፦ መምህርን ከኋላ ጭኜ በሩ ድረስ፣ ማንም ሳያየኝ አውርጃቸው ልጥፋ። ሐጂ ጃንጥላቸውን ይዘው በእግራቸው ቀደሙን።

በሩ ጋ ስንደርስ መምህር መውረድ አቃታቸው። የታመመው ጉልበታቸው ታጥፎ ደርቋል።

"ቀጥ አድርገህ ያዘው እንጂ፣ ልጄ።"

"ይዣለሁ መምህር፣ እርስዎ ብቻ ይውረዱ።"

"እግሬ የት እንዳለ አላውቅም!"

በዚህ መሐል ዝናቡ እንደገና ወረደ፤ በሩም ተከፈተ። ጋሽ ወልዴ ከበረንዳቸው ሆነው "ግቡ፣ ግቡ! ዝናብ ላይ አትቁሙ!" አሉ። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሐጂን ይዘው ገቡ። እኔም መምህርን እንደጫንኩ ጎሽን እየገፋሁ ተከተልኩ። ምን ላድርግ? ጥዬው ብሮጥ መምህር አብረውት ይወድቃሉ።

ግቢው ውስጥ ሐጂ መምህርን በብብታቸው ይዘው አወረዷቸው። እኔ ሞተሩን እንደያዝኩ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከበረንዳው አጠገብ ለጎሽ የተሠራ የሚመስል ሰፊ ቆንጆ ግድግዳ አየሁ። ገና መሪውን እንኳ ሳልጠመዝዝ ጋሽ ወልዴ ጮኹ።

"ግድግዳዬ ላይ እንዳታስደግፈው! ልስኑ አልደረቀም!"

ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንዳሉ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ጣጣ ይቀርልኝ ነበር።

የቀረኝ ባለ ሁለት እግሩ ማቆሚያ ብቻ ነው። መምህር መሪውን ያዙ። ሐጂ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከፊት ሊገፉ ቆሙ። እኔ ከኋላ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!"

ምንም። ሁለተኛ ጊዜ ጎሽ ወደ መምህር አዘነበለና መምህር "የሰማይ አምላክ!" አሉ። በሦስተኛው ዓይኔ እስኪጨልም ጎተትኩ፤ ሐጂም "ቢስሚላህ" ብለው ገፉ። ጎሽ ወደ ኋላ ዘለለና በሁለት እግሩ ቆመ። የማቆሚያው እግሮች ወዲያው ጭቃው ውስጥ ሰመጡ።

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሁሉንም አይተዋል።

"ሦስት ሽማግሌ ተብዬ ነበር" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "አቶ በላይ እርስዎ ነዎት?"

አፌን ስከፍት መምህር ሙላቱ ቀደሙኝ። "አዎን! አቶ በላይ እሳቸው ናቸው።"

"ወጣት ናቸው።"

"ዕድሜያቸው ነው እንጂ አእምሮአቸው ሽበት አውጥቷል" አሉ መምህር። ሐጂ በዝግታ "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ለማምለጥ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። "እናንተ ግቡ፣ እኔ ሞተሩን ወደ ውጭ ላውጣው" ብዬ ጎሽን ወደ ፊት ገፋሁት። አልወርድ አለ። በትከሻዬ ገፋሁት። አልወርድ አለ። ለማቆም ሦስት ሰው የጨረሰው ሞተር አሁን መሬት ላይ ተተከለ። በመስኮቱ መጋረጃ ሥር የምሕረትን ዓይኖች አየሁ። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

"ይግቡ እንጂ፣ አቶ በላይ" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ሽማግሌ ዝናብ ላይ አይቆምም።"

ገባሁ። እትዬ አስካለ ወንበር አቀረቡ። መምህር በሕመም ፊታቸው ተጨማዶ ወንበሩን በናፍቆት አዩት፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። "ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" አሉ። ሦስታችን ተሰልፈን ቆምን። መምህር በሐጂ ጃንጥላ ላይ ተደግፈዋል። ከእኔ ሱሪ የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

መምህር ጀመሩ። ሲጀምሩ ደግሞ አይቆሙም። ልጃችን ሰለሞን ጨዋ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው፣ በሥራው የተመሰገነ ነው። እስከዚህ ደህና ነበር። ቀጥሎ ግን አፋቸው ሞቀ። "ጉልበቱንማ ምን ልበልዎት! ያ ሞተር የእሱ ነው፣ ለዛሬ አውሶን ነው። ጎሽን በአንድ እጁ አንስቶ ያቆመዋል!"

ጋሽ ወልዴ በመስኮቱ ሞተሩን አዩት። ወደ ባለቤታቸው ዞረው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አሏቸው። እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ካፊኖኖ በዝግታ ከተነገረ እሰማለሁ፤ በፍጥነት ስለነበር ከሁሉም የያዝኩት ግድግዳ የሚለውን ብቻ ነው።

"አቶ በላይ፣ እርስዎ ዝም አሉ" አሉኝ። "አለቃው ነዎት። ልጁን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

"አ... አውቀዋለሁ።"

"መምህር የሚሉት እውነት ነው? በአንድ እጁ ያነሳል?"

አሁን አስቡት። አዎን ብል በውሸት ሚስት ልለምን ነው። አይደለም ብል የራሴን ሽማግሌ ላዋርድ ነው። እሁድ ደግሞ ነጋዴው አለ። በዚያች ቅጽበት ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተሬን ታቅፈው የቆሙት የማንኪራ ገበሬዎች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ።

"አይ፣ ጋሽ ወልዴ" አልኩ። "አያነሳም።"

መምህር እግሬን ረገጡኝ።

"በአንድ እጁም በሁለት እጁም አያነሳም። ሁለት ዓመት ሞክሮ አልቻለም። አልችልም ማለት ስለሚያፍር ማንንም አልጠየቀም። ሰው ሊያሳየው ሲመጣ አውቀዋለሁ እያለ ይመልሳል።"

"እንዲህ ያለ ሰው ነው ለልጄ የምትለምኑት?"

"ሌላም አለው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ቀጠሮ አያፈርስም። ዝናብ ቢሆንም ገበሬው ጋ ይደርሳል። ሰው አይበድልም። ልጅዎን ደግሞ ይወዳታል። ፋርማሲው ሲዘጋ ልቡ አብሮ ይዘጋል። እሷን ካጣ ምን እንደሚሆን አያውቀውም።"



"ይህን ሁሉ እርስዎ በምን አወቁ?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ቢሮ... ቢሮ ውስጥ ያወራል።"

ሐጂ ከድር ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። "እኔ ቤት ነው የሚኖረው። አቶ በላይ ያሉት ሁሉ ልክ ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው።

ጋሽ ወልዴ ተነሱና ካፖርታቸውን ደረቡ። "መልስ ከመስጠቴ በፊት ያ ሞተር ከቆመበት ይውረድ። እንደዚያ ተቸክሎ እያየሁት ማሰብ አልችልም። አቶ በላይ፣ ይምጡ።"

ዝናቡ ወደ ካፊያ ወርዷል። ጎሽን በግራ በኩል አስያዙኝና ማስተማር ጀመሩ። ድምፃቸው ድንገት የሌላ ሰው ሆነ፤ ለስላሳ።

"ይህን ነገር በእጅ የሚያነሳ ሰው ወገቡን ይሰብራል። ሲያቆሙት እግርዎን በማቆሚያው ጫፍ ላይ ያደርጉና ሁለቱም ብረቶች መሬት መንካታቸውን ያያሉ። ከዚያ ሙሉ ክብደትዎን እግርዎ ላይ ይጥሉታል። እሱ ራሱ ይነሳል፤ እጅ መንገድ ማሳየት ብቻ ነው ሥራው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? ሲያወርዱት ደግሞ ወደ ፊት ገፋ፣ ጎማው መሬት ሲነካ ወዲያው የፊት ፍሬን። ገባዎት?"

"አውቀዋለሁ" አልኩ።

አያችሁ? ከአምስት ደቂቃ በፊት ያን ሁሉ የተናዘዘ አፍ! ልማድ ክፉ ነው።

ባለኝ ጉልበት ሁሉ ገፋሁት። ጭቃው የያዘውን ብረት ድንገት ለቀቀ። ጎሽ ሁለት ዓመት ታስሮ እንደተፈታ በሬ ወደ ፊት ፈተለከ፤ እኔም መሪው ላይ ተንጠልጥዬ አብሬው። ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁ። ጋሽ ወልዴ በዕድሜያቸው ባልጠበቅኩት ቅልጥፍና ወደ ጎን ዘለሉ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ ሊጥ በጥፊ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ቀና ስል የፊት ጎማውና ግማሹ መሪ ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል። እርጥቡ ልስን ይዟቸዋል። ጎሽ እንደ ልማዱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የእኔ ቀኝ እግር ደግሞ በሞተሩና በግድግዳው መካከል አለ።

"ሰለሞን! እግርህን!" ብላ ምሕረት እየሮጠች ወጣች።

ከዚያ ሁሉም ባለበት ቀረ። ምሕረት ምን እንዳለች ገባትና ቆመች። በመስኮቱ የመምህርና የሐጂ ጭንቅላት ጎን ለጎን ይታያል። ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ላይ የተፈናጠረውን ጭቃ በመሐረብ ቀስ ብለው ጠረጉ።

"አቶ በላይ" አሉ፣ "ልጄ ሰለሞን ትልዎታለች።"

ምን ይባላል? "ሰለሞን ነኝ፣ ጋሽ ወልዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግድግዳዎትን አፈረስኩ፣ ደንቡንም አፈረስኩ፣ ዋሸሁም። እሷ ምንም አላደረገችም።"

"ሰለሞን እንደሆንክማ ከበሩ ጀምሮ አውቃለሁ።" እርስዎ ቀርቶ አንተ ሆንኩ። "ቦንጋ ውስጥ ሞተር ግድግዳ ላይ የሚያስደግፍ ስንት ሰው አለ? ያለነገር ነው ገና መሪውን ሳትጠመዝዝ የጮህኩብህ?"

"ታዲያ ለምን...?"

"ሽማግሌ ስለ ልጁ የሚለውን በየቤቱ ሰምቼዋለሁ። ያው ነው። ልጁ ስለራሱ ምን እንደሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ዕድሉ በእግሩ ግቢዬ ሲገባ ልለፈው?" እግሬን ከሞተሩ ሥር ጎትተው አወጡልኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተልጦ ነበር እንጂ አልተሰበረም። ከዚያ ጎሽን በሁለት እጃቸው ከግድግዳው ነቅለው ወደ መካከል አመጡትና አንድ ጣውላ መሬት ላይ አነጠፉ።

"አሁንስ? አቋቋሙን ታውቀዋለህ?"

ምሕረት ታየኛለች። እናቷ ያዩኛል። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም፤ ከጎሽ ይከብድ ነበር።

"አላውቀውም" አልኩ። "ያሳዩኝ።"

አሳዩኝ። አንዴ አይደለም፤ አራቴ። ከመስኮቱ መምህር ሙላቱ "ጋሽ ወልዴ፣ ጉልበቴ ሞተ፣ መልሱስ?" እያሉ ይጮኻሉ፤ እሳቸው አይሰሙም። በአምስተኛው ብቻዬን ተውኝ። እግሬን ማቆሚያው ጫፍ ላይ አደረግኩ። ሁለቱ ብረቶች ጣውላውን ሲነኩ ተሰማኝ። ክብደቴን ጣልኩበት። ጎሽ፣ ያ ሁለት ዓመት ያዋረደኝ ጉድ፣ ያለምንም ድምፅ ተነስቶ ቆመ። እጄ ምንም አልሠራም። እንባዬ መጣ፤ የዝናብ ውሃ ነው ብዬ ጠረግኩት። ከዚያ ወደ ፊት ገፋ፣ ፍሬን። ወረደ። እንደገና አቆምኩት።

ጋሽ ወልዴ ጎሽን አዩት። ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ምሕረት አንገቷን ደፋች፤ ግን ፈገግታዋን አልደበቀችም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩና ጮክ ብለው አሉ፦

"በሉ፣ ተቀመጡ!"

መልስ ያገኘ ሽማግሌ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ከውስጥ ወንበር ሲንኳኳና መምህር ሙላቱ "እሰይ! ተመስገን!" ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ይሁን ለጉልበታቸው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

የሚዛኑ ነጋዴ እሁድ አልመጣም፤ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አላውቅም፣ አሳየኝ ማለት ለመድኩ። መጀመሪያ ያልኩት ሞተሬን ታቅፈው ለሚቆሙት የማንኪራ ገበሬዎች ነው። ስለ ንብ ከእኔ ይልቅ ምን ያህል እንደሚያውቁ ሳይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስተምር እየሄድኩ የሚያስተምሩኝን ሰዎች ሞተር አስይዤ እንደኖርኩ ገባኝ። እናንተ አንባቢዎቼም ግድግዳ ላይ ያስደገፋችሁት ነገር ካለ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ቃሉ ሲወጣ ይከብዳል፤ ከወጣ በኋላ ግን ሥራውን እግር ይሠራዋል።

በሠርጋችን ቀን እውነተኛው አቶ በላይ ከጋሽ ወልዴ ጋር ሊተዋወቅ እጁን ዘርግቶ ስሙን ነገራቸው። "አቶ በላይንማ አውቃቸዋለሁ" አሉት፣ "ሞተር አይችሉም።" ምስኪኑ አለቃዬ ማን እንዳማው እስከ ዛሬ ይጠይቃል።

የግቢው ግድግዳ እንደገና ተለስኗል፤ ልስኑን እኔው ነኝ የሠራሁት። ጎማው የገባበትን ቦታ ግን ጋሽ ወልዴ አላስነኩኝም፤ የጎሽ አፍንጫ ቅርጽ እንደታተመ አለ። በየበዓሉ ከምሕረት ጋር ስንሄድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በረንዳው ላይ ይቆማሉ። ጎሽን እስካቆመው ድረስ ሰላምታ አይሰጡኝም። እግሬን አስቀምጬ፣ ክብደቴን ጥዬ፣ ሞተሩ ቀጥ ሲል ያን ጊዜ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ በላይ።"